መሪጌታ የተቀመጡበት ባትሪ

አሕመድኑር ከጅዳ ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ የጠበቀው ወርቅና ቴሌቪዥን ነበር። እሱ ግን መካነ ሰላም መናኸሪያ አንድ ከባድ የብረት ሣጥን አስወርዶ፣ እናቱ ደጃፍ ላይ ሲከፍተው ከቁልፍ፣ ከካቻቢቴና ከፒንሳ በቀር ምንም አልወጣም። እናቱ እትዬ በዛች ሣጥኑን እስከ ታች ድረስ በረበሩት።

«ሌላ የለውም?» አሉ።

«ሌላው እዚህ ነው፣ እማ» አለና ሁለት እጁን ዘረጋላቸው።

እትዬ በዛችም «አልሃምዱሊላህ፣ እጅህስ ደህና መጣልኝ» ብለው ክዳኑን ዘጉት።

ጅዳ የሠራው ጎረምሶች አሮጌ መኪና እያመጡ ለእሽቅድምድም በሚያሳምሩበት ጋራዥ ነበር። የጎማ መከለያውን ፓራፋንጎ ይቆርጣሉ፣ ሰፋፊ ጎማ ያለብሳሉ፣ ድምፁን ከሩቅ እንዲሰማ አድርገው መንገዱን ያናውጡታል። ነገሩ ልቡ ውስጥ ገብቶ ቀረ። በ2001 ዓ.ም. አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት የኖረች የቮልስ ቅርፊት ሲያገኝ ታዲያ ማን ይያዘው! ስምንት ወር ለፋባት። ቆረጠ፣ በየደ፣ ትልቅ ካርቡራተር ገጠመ፣ ቀይ ቀባት። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን ከፍቶ መጀመሪያ ያስነሳት ቀን የገበያ አህዮች ጭነታቸውን እየጣሉ ፈረጠጡ። እውነቱን ለመናገር አታምርም ነበር፤ ለእሱ ግን ከእሷ የምትበልጥ አንዲት ብቻ ነበረች፣ ሐረግ።

ሐረግ መካነ ሰላም ስትማር ተዋውቀው ነው እንጂ አገሯ በአቀስታ መንገድ ነው። አባቷ ጋሽ ሃሩን እስከ ወረኢሉ እየወረዱ ከብት የሚነግዱ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። «ልጄን በቆርቆሮ ለሚጫወት አልሰጥም» ብለው ሲያበቁ፣ ልጅቱ ምግብ አልበላም ብትላቸው ጊዜ ትንሽ ለዘብ አሉ። «እሺ፣ ሽማግሌ ይላክ። ግን በዚያችው ቆርቆሮው ያድርሳቸው። በእግራቸው ወይም በሰው መኪና ከመጡ ከደጄ ይመለሳሉ» አሉ። ቀኑም ለቅዳሜ ተቆረጠ።

ሁሉም አልቆ የቀረው ባትሪው ነበር። ከኋላ ወንበር ስር ያለው የድሮ ማስቀመጫ ዝጓል፣ ብረት ነክቶት እሳት እንዳያስነሳ የሚሸፍነው ላስቲክም ጠፍቷል። ሞተሩ ጋ እንዳያደርገው ሙቀቱ አለ፣ ትልቁ ካርቡራተርም ቦታ አልተወለትም። ከፊት ኮፋኖ ስር እንዳያደርገው የቮልስ ሞተር ከኋላ ነውና ገመዱ አይደርስም፤ ረጅምና ወፍራም ገመድ ደግሞ ከደሴ ነው የሚመጣው። ሦስት ቀን ሙሉ ባትሪውን እንደ ሕፃን ታቅፎ መኪናዋን ሲዞር፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ መካሪ ሆነ። የአይሱዙ ሾፌሩ ጓደኛው ሙሐሲንማ «ጣሪያዋ ላይ እሰረው አቦ፣ አየርም ያገኛል» ብሎ አላገጠበት። የምር የጠየቁት እናቱ ብቻ ናቸው።

«የት ልታደርገው አሰብህ?»

«እዚያው ከኋላ ወንበር ስር። ገመዱ ይደርሳል።»

«ከላዩስ ማን ይቀመጣል?»

«ከሽማግሌዎቹ መሪጌታ ብቻ። ሼህ አህመድ ከፊት ከኔ ጋ ናቸው።»

እትዬ በዛች ከት ብለው ሳቁ። «ጅዳ ስንት ዓመት ቆየህ አንተ ልጅ? እዚህ አገር ባዶ ወንበር ይዞ ማን ያልፋል? ገመዱን ጠብቅና ከፊት አድርገው።»

አሕመድኑር ግን ቅዳሜን ነበር የሚያስበው። የዛገውን ማስቀመጫ አድሶ ባትሪውን አሰረው። ወንበሩን መልሶ ራሱ ተቀመጠበትና ቢለካው፣ በወንበሩ ሞላና በባትሪው ራስ መካከል አራት ጣት ተረፈ። «በቂ ነው» አለ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። ሼህ አህመድ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት መምህር፣ ድምፃቸውም አካላቸውም ግዙፍ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ጠብ አብረው አብርደዋል፤ አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው አይታሰብም። ቅዳሜ ጧት ሁለቱም በነጭ ጋቢያቸው ገቡና ቮልሷ እየጮኸች ወጣች።

ገና ከከተማው ሳይርቁ መሪጌታ «አቁም! አቁም!» አሉ። ጎረቤታቸው እማሆይ ወለተ ሥላሴ ወደ ተዝካር በእግራቸው ይሄዳሉ።

«መሪጌታ፣ ወንበሩ እኮ...»

«ወንበሩ ምን ሆነ? ባዶ ወንበር ይዞ ማለፍ ሐራም ነው!»

ሼህ አህመድ ከፊት ሆነው «ቃሉስ የኔ ነበር፣ ወሰዱብኝ» ብለው ሳቁ። እማሆይ ገቡ። ቀጥሎ ተረፈ የሚባል ገበሬ ገብስ ተሸክሞ ተገኘ። እሱንም «ጠጋ ጠጋ እንበልለት» ብለው አስገቡት፤ ጆንያውን ጭኑ ላይ አደረገ። አሕመድኑር በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ ከወንበሩ ስር የተረፉትን ጣቶች በልቡ ይቆጥራል። አራቱ ሦስት፣ ሦስቱ ሁለት ሳይሆኑ አልቀሩም። አፍ አውጥቶ ሽማግሌ ያስገቡትን ሰው ውረድ አይል ነገር!

የመጨረሻውን ዳገት ጨርሰው የጋሽ ሃሩን ቆርቆሮ ቤት ከሩቅ ብልጭ ሲል፣ ጎማው ጉድጓድ ገባ። ከኋላ ጧ አለ። ትንሽ ቆይተው መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አሕመድኑር፣ መኪናህ ማሞቂያ አላት እንዴ? በዚህ ብርድ እንዴት ደግ ነገር ነው!»

«ኸረ የላትም!»

«እንግዲያው እየተቃጠልኩ ነው!»

ሁሉም ዘለው ወረዱ። አሕመድኑር ወንበሩን ነቅሎ ሲጥለው ሞላው የባትሪውን ራስ ነክቶ የውስጡን ጭድ አንድዶታል። ሁሉም በእጃቸው አፈር እየዛቁ አጠፉት። የመሪጌታ ጋቢ የጡጫ ያህል በእሳት ተበስቷል፤ እሳቸው ግን ደህና ናቸው። አሕመድኑር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያንን ቆርቆሮ ቤት አየ። በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ በእግር መሄድ ግን ሐረግን ማጣት ነው። እንባው መጣ።

«አብሽር» አሉት ሼህ አህመድ። «ሽማግሌ አይደለን? ባትሪውን እንሸምግለው።»

እውነትም መኪናዋን ከበው ቆሙና መከሩ። ገመዱ የሚደርሰው ከነጂው ወንበር ኋላ እስካለው ወለል ነው። ተረፈ የጆንያውን ጠፍር ፈትቶ ሰጠ፤ ባትሪው እዚያ ታሰረ። ግን የባትሪውን ራስ ምን ይሸፍነው? ላስቲክ ከየት ይምጣ? ዙሪያውን ሲያዩ ቆይተው፣ የሁሉም ዓይን መሪጌታ እግር ላይ አረፈ። መሪጌታ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ነበር ያደረጉት።

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አሉና የቀኙን አወለቁ። ከባትሪው ራስ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። እሳት የበላውን ወንበር መልሰው፣ ገፍተው አስነሷትና እየዘለሉ ገቡ።

በአገሩ ወግ ፈላጊው አይገባም፤ ሽማግሌዎቹም እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም። ስለዚህ አሕመድኑር ከእማሆይና ከተረፈ ጋር መኪናው ውስጥ ቀርቶ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ደጃፍ ቆሙ። ጋሽ ሃሩን ግን ፊታቸውን ሳይሆን እግራቸውን ነበር ያዩት።

«መሪጌታ፣ አንዱ ጫማዎስ?»

«ሥራ ላይ ነው» አሉ መሪጌታ።

ጋሽ ሃሩን ዱላቸውን ይዘው ወደ ቮልሷ መጡ። የተቃጠለውን ወንበር አዩ፣ የታሰረውን በረባሶ አዩ። «መጀመሪያ ወንበሩ ስር ያስቀመጠው ማነው?»

ሰው በዛ፣ ሽማግሌዎቹ ጫኑብኝ ማለት ይቻል ነበር። ምላሱ ጫፍ ደርሶ ዋጠው።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እናቴ ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። ሁለት ሽማግሌ ብቻ ቆጥሬ አገሬን ረሳሁ።»

ጋሽ ሃሩን ጎንበስ ብለው የፊቱን ወንበር አዩ። ከዚያ «ልጄ የት ነው የምትቀመጠው?» አሉ።

«ከፊት፣ ከጎኔ።»

«ባትሪውስ?»

«ገመድ ሲመጣ... ከፊት ኮፋኖ ስር።»

«እግሯ ፊት ማለት ነው?»

ጋሽ ሃሩን የነጂውን ወንበር በዱላቸው መታ መታ አደረጉ። «እዚህ አድርገው፣ ከራስህ ስር። የሚነድ ነገር ካለ መጀመሪያ አንተን ይንካህ።» ዞር አሉና ወደ ቤት ተጣሩ። «ምን ታስቆማላችሁ? ሽማግሌዎቹን አስቀምጧቸው እንጂ!»

አሕመድኑር መሪው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ከቤት ውስጥ እልልታው ቀለጠ።

ገመዱ ከደሴ ሲመጣ የነጂውን ወንበር ከፍ አድርጎ ባትሪውን ከራሱ መቀመጫ ስር አሰረው፣ ከነበረባሶው። ለመሪጌታም አዲስ ጫማ ገዛ። በሠርጋቸው ቀን ሐረግ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ጉድጓድ ባገኙ ቁጥር «ሞቀህ እንዴ?» እያለች መንገዱን ሙሉ ሳቀችበት።