የባለማተቧ እህት

ባለፈው ጥር የሰፈራችን ሰው ሁሉ "ተናኘ ታማለች" ሲል፣ እንዳልታመመች በደንብ የምናውቀው ራሷ ተናኘ፣ ልጇ ማራኪና እኔ ነበርን። ከሦስታችን አንዳችንንም የሚሰማ አልተገኘም።

ተናኘ ጎረቤቴ ናት፤ አጥራችን አንድ ነው። ዘነበወርቅ ካለው ሆስፒታል እሷ ከልብስ አጠባ፣ እኔ ከስፌት ክፍል አብረን ጡረታ ወጣን። የልብስ ማጠቢያው ግቢ ከኋላ በኩል ነበር። አንሶላው በረጃጅም ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲመታው ዓይን ያጥበረብራል። ችግሩ ከላይ ነው። ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ ሲለቅሙ የዋሉት አሞሮችና እግረ ረጃጅሞቹ አባ ኮዳዎች በላያችን እየዞሩ ያልፋሉ፤ ሲያልፉም የሚጥሉትን ይጥላሉ፤ የነጣው አንሶላ ተመልሶ ወደ ገንዳ ይገባል። ተናኘ መጀመሪያ ወደ ሰማይ ቀና ያለችው ተናዳ ነው። የትኛው እንደሚጥል፣ የትኛው ዝም ብሎ እንደሚያልፍ ለመለየት ስታይ፣ ስታይ፣ ንዴቱ ጠፋና ማየቱ ብቻ ቀረ።

ጦር ኃይሎች ሰፈር ልባሽ ጨርቅ ከሚያነጥፉት አንዱ ዘንድ፣ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አግኝታ ገዛች። አንደኛው ዓይኑ የተሰነጠቀ ነው፤ በዚያ በኩል ያለውን የራሷን ዓይን ትጨፍንና በደህናው ታያለች። ማንገቻው ተበጥሶ ስለነበር ከአሮጌ አንሶላ ጠርዝ እኔ ሰፋሁላት።

ከወፎች ሁሉ ልቧን የወሰደችው ባለማተቧ ናት። መናገሻ ለሠርግ ስንሄድ የተሳፈርንበት አውቶቡስ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ይራገማል፣ እኛ በሐበሻ ቀሚሳችን መንገድ ዳር ተኮልኩለናል፣ ተናኘ ግን የለችም። ዞር ብል ሜዳው መሐል ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ ብላለች። ሣሩ ውስጥ ከድንቢጥ ከፍ የምትል ቡናማ ወፍ ትራመዳለች። ቀና ስትል ጉሮሮዋ የእንቁላል አስኳል ይመስላል፤ ከጉሮሮዋ ሥር ደግሞ ጥቁር ክር ያሰረች የሚያስመስላት ምልክት ዞሯል።

"ወለቴ፣ ማተቧን እዪልኝ!" አለችኝ። ስሜ ወለተጻድቅ ነው፤ ወለቴ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍ ለማየት ከከተማ የሚወጡ ሰዎች አሉ፤ በኋላ ከእነሱ ጋር ተቀላቀለች። የወፏን ስም በፈረንጅ አፍ ነገሯት፣ እሷ ግን ከባለማተቧ ሌላ ብላ አትጠራትም። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው ነገሩን የጀመረው። "እትዬ ተናኘ፣ ይህቺ ወፍ እኮ እህት አላት። ኬንያ ደጋ ላይ ናት፤ ከዚያ ሌላ በዓለም የትም የለችም" ብሎ ፎቶግራፏን አሳያት። የኬንያዋ እስከ ሆዷ ቢጫ ናት፤ ማተቧ ግን ቀጭን ነው፣ በጣት የተፈተለ ክር ይመስላል። ሣር ሜዳው ለድንች እየታረሰ፣ ወፏም ከዓመት ዓመት እየቀነሰች መሆኑን ጨመረላት።

ከዚያ ወዲህ ተናኘ ሌላ ወሬ የላትም። ማራኪ ነርስ ናት፤ ቁም ነገረኛ ልጅ ናት። መጀመሪያ ሳቀች፣ በኋላ እሷም ገባችበት። ኪናንጎፕ በሚባል ደጋ፣ እንግዳ እየመራ ወፍ የሚያሳይ ካማው የሚባል ገበሬ በስልክ አገኘችላት። ፓስፖርት ወጣ። ካማው፣ "ወፎቹ ያሉበት ሜዳ ሊታረስ ነው፤ ባለቤቱ በየካቲት አጋማሽ ትራክተር ያስገባል፤ ከዚያ በፊት ድረሱ" ብሎ ጻፈ። ቲኬቱም ለየካቲት መጀመሪያ ተቆረጠ። ተናኘ ሻንጣው ውስጥ የገባውን እያወጣች፣ የወጣውን እያስገባች ሰነበተች። ለጭቃው የላስቲክ ጫማ፣ ለብርዱ ጋቢ፣ ለካማው ሚስት ነጠላ።

የቀራት ለዕድር መንገር ብቻ ነበር። በእኛ ዕድር ልቅሶ ሲሆን ሴቶች ወጥ ቤት የምንገባው በተራ ነው። ራቅ ወዳለ ቦታ የምትሄድ ሴት ተራዋ እንዲዛወር ለዳኛው አስቀድማ ትናገራለች። ዳኛችን አቶ ጉዲሳ ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ የሰው ነገር ግን ቶሎ ይገባኛል ይላሉ። አብሬያት ሄጄ ነበር።

"የካቲት ላይ ኬንያ ልሄድ ነው፤ ተራዬን ለሌላ ያዛውሩልኝ" አለቻቸው።

"ኬንያ? ምነው፣ በደህና?"

"ወፍ ለማየት።"

"ወፍ።"

"አዎ፣ ወፍ።"

"እዚህ ወፍ ጠፍቶ ነው?"

"ይህቺኛዋ እዚያ ብቻ ናት ያለችው።"

አቶ ጉዲሳ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?"

"ከማራኪ ጋር።"

"ከነርሷ?"

"ስንት ማራኪ አለችኝ?"

አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ድምፃቸውን አለስልሰው "እሺ። ስለ ተራሽ አታስቢ። በርቺ፣ እግዚአብሔር ትልቅ ነው" አሉ። ስንወጣ ተናኘ፣ "ወፍ ለማየት በርቺ ይባላል እንዴ?" አለችኝ። እኔም ከበድ ብሎኝ ነበር፤ ምን እንደከበደኝ ግን አልገባኝም።

ማታውኑ ገባኝ። የአቶ ጉዲሳ ባለቤት ደሜ ብርቱካን በፌስታል ይዛ መጣች። ተናኘን ግንባሯን ስማ፣ "ደህና ነሽ የኔ እናት?" አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወደ ቤት ስሸኛት ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ "ምስኪን፣ አልነገሯትም አይደል?" አለችኝ።

በአገራችን ክፉ በሽታ ለበሽተኛው አይነገርም፤ ቤተሰብ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ የታመመው ብቻ አያውቅም። አቶ ጉዲሳም ይህንን ነው ያሰቡት። ነርሷ ልጅ እናቷን ሳታስደነግጥ ውጭ አገር ልታሳክም የወፍ ታሪክ ፈጥራለች። ታዲያ ይህንን በምን ታስተባብለዋለህ? ተናኘ "አልታመምኩም" ስትል አለማወቋ ነው። ማራኪ "እማዬ ደህና ናት" ስትል መደበቋ ነው። እንዲያውም ልጅቱን አመሰገኗት፤ "እንዲህ ነው እንጂ ሆድ መቻል!" አሏት። እኔም አፌን ከፍቼ "እውነቱን ነው የነገረቻችሁ" ብል፣ "ወዳጅ ማለት እንደ አንቺ ነው" ተባልኩ።

ሳሎኑ በየማታው ሰው ይሞላ ጀመር። በአንደኛው ሶፋ ደሜና የጸሎት ቡድኗ፣ በሌላው ጎረቤታችን ዘመነች ከአራዳ ቋንቋዋ ጋር፤ ዘመነች ጸበል በሃይላንድ ጠርሙስ ይዛ መጥታለች። መሐል ላይ ተናኘ እጆቿን አጣጥፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች።

"በቃ፣ ላሳያችሁ" አለችና የወፏን ፎቶግራፍ በማራኪ ስልክ አዞረችላቸው። "እይዋት፤ ማተቧ ይኸው።"

ደሜ አጎንብሳ አየች። "ማተብ አላት እንዴ? ኦርቶዶክስ ናታ!"

"እናንተ ጋ ወፎቹ ጊታር ይዘው ነው አይደል የሚበሩት?" አለች ዘመነች። ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። ተናኘም ሳቀች፤ ያመኗት መስሏት ነው። ሳቁ ሲበርድ ዘመነች ጠርሙሱን ወደ እሷ ገፋ አድርጋ፣ "ይሄ ጨዋታሽ አይለይሽ፤ በባዶ ሆድ ሦስት ጉንጭ" አለቻት።

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። ሰው ይስቃል፣ ብርቱካን ያመጣል፣ አውሮፕላኑ ግን ቀኑን ጠብቆ ይነሣል። አቶ ጉዲሳ ግን "ኋላ ሳያያት እንዳይቀር" ብለው ለወንድሟ ደወሉ። ታላቅ ወንድሟ አቶ ተክለሃይማኖት፣ ጎጃም የሚኖሩ ሽማግሌ፣ ጤፍ በጆንያ፣ ማር በማሰሮ አስጭነው ድንገት ደጅ ላይ ወረዱ። ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ገቡ።

"ጋሼ፣ ምንም አልሆንኩም!"

"አውቃለሁ የኔ እህት፣ አውቃለሁ። ምንም አትሆኝም።"

ስለ ጉዞው ስትነግራቸው ዓይናቸውን ጠራረጉና፣ "እንግዲያው አብሬሽ እሄዳለሁ። በሰው አገር ወንድም እያለሽ ብቻሽን?" አሉ። ፓስፖርት የላቸውም። "ይወጣላ!" አሉ። "እስኪወጣ ጠብቂኝ።"

"ጋሼ፣ ሜዳው ይታረሳል!"

"የማን ሜዳ?" አሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው በሹክሹክታ፣ "መቃዠትም ጀምራለች?" አሉኝ።

ከጉዞው በፊት ባለው እሑድ ሽማግሌዎች መጡ፤ አቶ ጉዲሳ፣ የነፍስ አባቷና አንድ የዕድሩ ሹም። ሦስቱም በር ላይ ቆሙ። "ተቀመጡ እንጂ" አለች ተናኘ።

"እሺ ካላልሽን አንቀመጥም። ወንድምሽን ጥለሽ አትሂጂ። ፓስፖርቱ እስኪወጣለት ብቻ ነው የምንለምንሽ።"

ተናኘ አየቻቸው። የነፍስ አባቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እንደቆሙ ቆዩ። ሽማግሌ ደጅ ላይ አቁሞ እምቢ ማለት የሚችል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ተናኘ ግን አይደለችም። "እሺ" አለች፤ ድምፅዋ አልወጣም፣ ከንፈሯ ነው የተንቀሳቀሰው። ሽማግሌዎቹ መርቀዋት ተቀመጡ። ማራኪ ጓዳ ገብታ ድስት ክዳን ስትወረውር ሰማሁ።

ማራኪ ሌላ ፈቃድ የምታገኘው በሐምሌ ስለሆነ ቲኬቱ ለሐምሌ ተዛወረ። የአውሮፕላኑ ቀን አለፈ። ትንሽ ቆይቶ ካማው ፎቶግራፍ ላከ፤ ጥቁር የተገለበጠ አፈር ነው፣ ዳር ላይ ትራክተር ይታያል። አንድ ጥንድ ወፍ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ባለች ቁራጭ ሣር ላይ ማየቱን፣ እስከ ሐምሌ ይቆዩ አይቆዩ ግን እንደማያውቅ ጻፈ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አጥሩ ሲንኳኳ ወጣሁ። ተናኘ የላስቲክ ጫማዋን አድርጋ፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንግታ ቆማለች። ከኋላዋ አቶ ተክለሃይማኖት ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ "ወዴት ነው? በዚህ ብርድ? በዚህ ጤናሽ?" ይላሉ። እሷ ቀድማ ወደ መንገዱ ወጣች፤ ተከተልናት። በሚኒባስ መናገሻ ወርደን ወደ ሜዳው ገባን። ሣሩ ጤዛ አዝሏል። ተናኘ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ ቦዩን ዘለለችው፤ ዳገቱን ሳታርፍ ወጣችው። እኔ ከኋላ፣ አቶ ተክለሃይማኖት ከእኔም ኋላ። ከጉብታው ላይ ስንደርስ ወንድምየው ቁና ቁና እየተነፈሱ ድንጋይ ላይ ዘፍ አሉ።

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ። "ማነው የታመመው?"

"እኔ ምኑን አውቃለሁ፣ አልነገሩኝም" አለች ተናኘ። ወሩን ሙሉ ከአፏ የወጣ ክፉ ቃል ይህ ብቻ ነበር።

ከዚያ እጇን አነሣች። ባለማተቧ እዚያው ናት፤ ጉብ ካለ ሣር ላይ ቆማ ደረቷን ለፀሐይ ሰጥታለች። ተናኘ መነጽሩን ለወንድሟ አቀበለቻቸው፤ የትኛውን ዓይን እንደሚጨፍኑ አሳየቻቸው። ብዙ ጊዜ አዩ።

"ይህችማ እኛም አገር አለች፤ ልጅ ሆነን እናያት ነበር" አሉ በመጨረሻ።

"እኔስ ለእሷ ነው እንዴ የምሄደው? ይህችን አውቃታለሁ። እህቷን ነው ማየት የፈለግኩት። ልታልቅ ነው።"

አቶ ተክለሃይማኖት መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሡ፣ "እኔስ ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት እህቴን ለማየት አይደል? እንዲህ ነው በይኛ!" አሉ። ተናኘ ይህንኑ ስንት ጊዜ ብላቸው እንደነበር አላስታወሰቻቸውም፤ ፊቷን ወደ ወፏ አዞረች።

ለወሩ የዕድር ስብሰባ አቶ ተክለሃይማኖት ራሳቸው ተነሡ። 

"እህቴ አልታመመችም። በእግሯ ጥላኝ ሄዳ በዓይኔ አይቻለሁ። የምትሄደው ወፍ ልታይ ነው፤ እኔም አምኛለሁ። እኔ ወዳገሬ እመለሳለሁ፤ በሐምሌ እንዳትከለክሏት።"

አቶ ጉዲሳ ቀስ ብለው መጥተው አቀፏቸው። ትከሻቸውን መታ መታ እያደረጉ ቆዩና ወደ ማራኪ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጅቱ ለእሳቸውም አልነገረቻቸውም" አሉ።

አቶ ተክለሃይማኖት አገራቸው ገቡ። ካማው ጥንዶቹ ገና እንዳሉ አንዴ ጻፈ፤ ከዚያ ዝም ብሏል። ተናኘ የሐምሌ ተራዋን አስቀድማ ልትሠራ ስለፈለገች፣ ባለፈው ሰሞን ልቅሶ ሲሆን ሳትጠራ ወጥ ቤት ገባች። ትልቁን ድስት ስታነሣ ሴቶቹ ተሯሩጠው ተቀበሏት። ውኃ ልትቀዳ ስትል ባልዲውን ነጠቋት። እንጨት ስትጎትት፣ "ተይ እባክሽ፣ ለማን ብለሽ ነው!" ብለው እጇን አስለቀቋት። በመጨረሻ ዝቅ ያለች መቀመጫ አቀረቡላትና ሽንኩርት ሰጧት።

አጠገቧ ሆኜ ነጭ ሽንኩርቱን እፈለፍላለሁ። እሷ ትልጣለች። ዓይኗ ማንባት ሲጀምር ደሜ ምድጃውን ትታ መጣች፤ ጎኗ ቁጢጥ ብላ ጀርባዋን ደባበሰቻት።

"አይዞሽ" አለቻት።

"ሽንኩርቱ ነው" አለች ተናኘ።

"አውቃለሁ የኔ እናት" አለች ደሜ፣ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገችላት። "አውቃለሁ።"