ለኤሊዝ የተደረገ ዱዓ

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ጦርነቱ ወደ እኛ አካባቢ በወረደበት ዓመት ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ ባገኙኝ ቁጥር ስለሚያስታውሱኝ ልረሳው አልቻልኩም።

የምኖረው መርሳ ነው፤ ልብስ እሰፋለሁ። ታናሽ እህቴ ሐያት ያለችው ፈረንሳይ አገር ነው። ባሏ የጋና ሰው ሲሆን፣ እናቱ ከአገራቸው ቋንቋ ሌላ የሚያውቁት እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ሐያት አርግዛ ልጇ ሴት መሆኗ ሲነገራት አንድ ጣጣ ይዛ መጣች። ልጅቷ ተማሪ ቤት ስትገባ ስሟን አስር ጊዜ ድገሚ እንዳትባል የፈረንሳይ ስም ይውጣላት አለች። ግን የእንግሊዝኛ አፍ ያላቸው አማቷም ሊጠሩት የሚችሉት መሆን አለበት። እናታችን ከድጃም እንዲሁ።

ከመግሪብ በኋላ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገን ስም ስናማርጥ ከረምን። አንድ ቀን «ኦሮር» የሚል መጣ። አማትየው ጨርሶ አልቻሉትም አለችን። እናቴ ግን በልጅነቷ ግራና በምትባለው ከተማ ቁርኣን የቀራች ናትና፣ ያንን ከጉሮሮ የሚወጣ የፈረንሳዮች ድምፅ እንደነሱ አድርጋ አወጣችው። «ይቺማ ገይን ናት» አለች፣ የዐረብኛውን ፊደል ማለቷ ነው። ሐያት እዚያ ማዶ ሆና በሳቅ ፈረሰች። እናቴም ከዚያ በኋላ የፈረንሳይ አፍ ከናንተ ይልቅ ለኔ ይቀናል እያለች ስታበሽቀን ሰነበተች።

በመጨረሻ ኤሊዝ ላይ ደረስን። ፈረንሳዮቹ ያውቁታል፤ የጋናዋ ሴትዮም ችለውታል። እናቴ ወዲያው እሺ አላለችም። ሻሿን አስተካክላ ግቢ ወጣችና፣ ሰው ቤት ሄዶ የቀረ ልጅ እንደምትጠራ ጮክ ብላ ተጣራች። እትዬ አልማዝ ደንግጠው በአጥሩ በኩል ብቅ አሉና ኤሊዝ ማናት ብለው ጠየቁ። እናቴ ተመልሳ ገባችና «ትጠራለች» አለች። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ደረሰ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ። አቅም ያለው ወደ ደሴ ሸሸ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለነበረች እግሯም ያብጥ ነበር፤ እሷን ጥዬ የምሄድበት አልነበረኝምና ቀረሁ። የኢንሱሊን መርፌዋን ሙቀት እንዳያበላሸው እርጥብ አሸዋ በሞላሁበት ገንቦ ውስጥ አስቀመጥኩ። መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ ነበሩ፤ ያለው ሲያልቅ ምን እንደምናደርግ ላለማሰብ እሞክር ነበር።

እናቴ ግን ሐሳቧ ሁሉ እዚያች ልጅ ላይ ነበር። ወሩን ስታሰላ ቆይታ አንድ ቀን «ኤሊዝ መጥታለች» አለችኝ። በኛ ደንብ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ ስም ይወጣል። በግ ከየት ይመጣል? ከቤት የቀረውን ስንዴ ከባቄላ ቀላቅዬ ንፍሮ ቀቀልኩ። የሸሹት ሸሽተው የቀሩት ጎረቤቶች መጡ። እትዬ አልማዝም መጥተው እንደ ወትሮው ከሰው ጋር አሚን አሉ። እናቴ እጇን ዘርግታ «ያረቢ፣ ኤሊዝን አሳድግልን፤ ዕድሜዋን አርዝምልን» አለች። ከዚያ ወዲያ ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ ያቺን ስም ሳታነሳ ከመስገጃዋ አትነሳም ነበር።

መርፌው አለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስረዘም አልፈልግም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ዓይኗን ገልጣ ስልክ መጣ ወይ ብላ ትጠይቀኝ ነበር፤ የልጅቷን ድምፅ መስማት ፈልጋ ነው። አልመጣም እላታለሁ። ሳትሰማ ሄደች። ቀብሯ ላይ የተገኙት ወንዶች ቃሬዛውን ተፈራርቀው ለመሸከም እንኳ የሚበቁ አልነበሩም።

ከተማው ነጻ ወጥቶ ስልክ ሲመለስ ሐያትን ለማርዳት ደወልኩ። አፌን ሳልከፍት ማልቀስ ጀመረች። ከወልድያ አምልጦ የወጣ ሰው፣ እናትሽ ገና ጦርነቱ እንደገባ ሞታለች ብሎ አስነግሯት ኖሯል። ለቅሶዋን ብቻዋን ተቀምጣ ጨርሳለች። ኤሊዝ እንዴት ናት አልኳት።

«ኤሊዝ አይደለችም» አለችኝ። «ከድጃ ብያታለሁ። በእማ ስም።»

እዚያ አገር ልጅ ተወልዶ ብዙ ቀናት ሳያልፉ ስሙ ይመዘገባል፤ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። አማቷም ከድጃ ማለት አልከበዳቸውም። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። በኛ ቤት በሕይወት ያለ ሰው ስም ለልጅ አይወጣም፤ ዕድሜውን እንደ መውሰድ ይቆጠራል። እሷ በእናታችን ስም ልጇን ስትጠራ፣ እናታችን እዚህ ለኤሊዝ ንፍሮ ታድል ነበር።

እማ መቼ እንደሞተች ስትጠይቀኝ ልዋሻት አስቤ ነበር። አንደበቴ እምቢ አለኝ። ንፍሮውንም ዱዓውንም ነገርኳት። ሕፃኗ ከኋላ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ እናቴ ልትሰማው የፈለገችው ድምፅ እሱ ነበር።

«በቁሟ ቀበርኳት ማለት ነው» አለች ሐያት።

የገደላት መድኃኒት ማጣት ነው፣ አንቺ አይደለሽም አልኳት። ያልሰማች ያህል ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። «ያ ሁሉ ዱዓ ለኤሊዝ ከሆነ፣ የኔ ልጅ አልደረሳትም ማለት ነው?» እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

እትዬ አልማዝ ይህን ሁሉ አያውቁም። ዛሬም በአጥሩ በኩል ሲያዩኝ «ኤሊዝ እንዴት ናት? አደገች?» ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ስሟን እንደሚጠሩላት ነግረውኛል። ደህና ናት ብዬ አልፋለሁ። ባለፈው ዒድ ለሐያት ይህን አጫወትኳትና፣ ትክክለኛ ስሟን ልንገራቸው ወይ አልኳት።

«እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ። «እማ የጀመረችው እንዳይቋረጥ።»

ስለዚህ አልነገርኳቸውም። ልጅቷን በስልክ ሳያት ከድጃ ብዬ ልጠራት እሞክራለሁ፤ ስሙ ከአፌ ሳይወጣ እንባዬ ይቀድማል። ከሶላት በኋላ እጄን ስዘረጋ ግን ኤሊዝ ነው የምላት።