ከሰውነቴ ጋር ያስታረቁኝ እናት

የያዙኝ መልካ ወረር፣ ከምሠራበት የጥጥ እርሻ ቢሮ ነው። የጥጥ ለቀማ ወቅት ስለነበር ግቢው በሠራተኛ ተሞልቶ ነበር፤ ሁሉም አቀርቅሮ አሳለፈኝ። ጥፋቴ ከምርጫው በኋላ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ መናገሬ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰመራ ደረስን።

ክፍሉ ቀድሞ የዕቃ ግምጃ ቤት ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። በሩ ሲከፈት የወጣው ወላፈን ፊቴን ገረፈኝ። ውስጥ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና፣ «ቢስሚላህ በዪና ተቀመጪ። ግድግዳውን ግን አትደገፊው፣ እስኪመሽ ያቃጥላል» አሉኝ።

እማማ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ባቡር ጣቢያ ይሠሩ ስለነበር ያደጉት አዋሽ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ዲቾቶ ላይ ለጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍተው ኖረዋል። ልጃቸው በመንግሥት ይፈለግ ነበር። እሱ ሲጠፋ እናቱን አመጡ።

ሰባን አልፈዋል። ንጋት ላይ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ቆርቆሮው ሳይግል፣ ክፍሏን እየተመላለሱ ይራመዳሉ። ጥርሳቸውን በመፋቂያ ይፍቃሉ። ውሃ ቁጭ ብለው ፉት ይላሉ እንጂ አይጨልጡም። የእህታቸው ልጅ ከምታመጣላቸው ምግብ ጥቂት ይበሉና ሳይጠግቡ እጃቸውን ይሰበስባሉ። በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ ነበራቸው፤ ጠዋት ጠዋት እሱን ይቀምሳሉ። የደም ግፊት ክኒናቸውንም አያዛንፉም። የሚበልጠው የትኛው ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ አዝሙዱንም ሐኪሙንም የፈጠረ አላህ ነው አሉኝ። ጠባቂያችን የነበረችው ሴት እንኳ ስለ እናቷ የጉልበት ሕመም ታማክራቸው ነበር። በሰሊጥ ዘይት እሺላት፣ በየቀኑም ትንሽ አራምጃት ብለዋታል።

እኔ ራሴን ትቼ ነበር። የመጣልኝን ምግብ ሳልነካ እመልሳለሁ፣ ፀጉሬን አላበጥርም፣ ቀኑን ሙሉ ተጠቅልዬ እተኛለሁ። አንድ ጠዋት እማማ አጠገቤ ተቀምጠው እግሬን ጭናቸው ላይ አደረጉና በዘይት ያሹት ጀመር።

«በእነሱ ተናደሽ ሰውነትሽን ትቀጫለሽ» አሉኝ። «እሱ ምን አደረገሽ?»

ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት አለቀስኩ። ሲወጣልኝ ክንዳቸውን ይዤ አብሬያቸው ተራመድኩ። ፀጉሬንም እሳቸው ሠሩኝ።

ከዚያ ክኒናቸው አለቀ። የእህታቸው ልጅ ያመጣችውን አዲስ ክኒን በር ላይ ያዙባት። እማማን ራሳቸውን ያዞራቸው ጀመር፤ ቆሞ መሄዱ ቀረ። አንድ ረፋድ መርማሪው መጣ። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው አክባሪ የሚመስል ወጣት ነበር። ልጃቸው ያለበትን ቢነግሩት መድኃኒቱ ወዲያው እንደሚገባ፣ ወደ ቤታቸውም እንደሚሄዱ ነገራቸው። ጤናቸውን የሚወዱ ሰው እንደሆኑ መስማቱንም ጨመረ።

እማማ እጃቸውን መሬት ላይ ተክለው መነሣት ጀመሩ። «ግድ የለም፣ ይቀመጡ» አላቸው። አልተቀመጡም። ልረዳቸው እጄን ብዘረጋ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ቀጥ ብለው ቆሙና ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ዕድሜዬን እወደዋለሁ፣ እውነት ነው» አሉት። «ልጄን ሸጬ የምገዛውን ግን አልፈልገውም።»

በሩን ዘግቶ ሄደ። ያኔ እጄ ላይ ወደቁ። አስተኝቼ ሻሻቸውን በውሃ ነክሬ ግንባራቸው ላይ አደረግኩ፤ እሳቸው እንዳሳዩኝ እግራቸውን ማሸት ጀመርኩ። አዝሙዱና ዘይቱ ለዚህ እንደማይበቁ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ጠባቂዋ ስትመጣ፣ ክኒኑን ካላገኙ ይሞታሉ አልኳት። በሩን ቆልፋ ሄደች። ምሳ ስታቀብለኝ ግን ከዳቦው ሥር የክኒኑን እሽግ ነካሁ።

«እናቴ ተሽሏታል በያቸው» ብላ ፊቷን አዞረች።

እማማ ቀስ በቀስ አገገሙ። ከእኔ በፊት ተፈቱ። እኔ ስፈታ መጀመሪያ የሄድኩት ዲቾቶ ነው፤ ምግብ ቤታቸውን ዳግመኛ ከፍተው አገኘኋቸው። ልጃቸው ከዓመታት በኋላ በጅቡቲ በኩል ተመለሰ። አብረው ኖሩ፤ የልጅ ልጅም አቀፉ። ያረፉት በእሱ ቤት፣ በአልጋቸው ላይ ነው።

አሁን እኔም ጡረታ ወጥቼ አዋሽ እኖራለሁ። የደም ግፊቱም የጉልበት ሕመሙም ደርሶብኛል። ከወንበር ስነሣ የሚሰማኝን ሕመም ከቀመስኩ ወዲህ፣ ያን ረፋድ ለመቆም ምን ያህል እንደከፈሉ ይገባኛል። ያኔ ወጣት ስለነበርኩ፣ እንዲሁ የተነሡ ነበር የመሰለኝ።