ሰፌድ ሙሉ ስልክ

ልጄ መስመሩን ያስገባችው ለሥራዋ ብላ ነው። ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃ፣ ሥራ አጥታ ቤት ስትውል ጊዜ፣ የሰው ማመልከቻ እየጻፈች፣ ተማሪ በኢንተርኔት እየመዘገበች ለጨውና ለበርበሬ የሚሆን ማምጣት ጀመረች። በሲም ካርድ የሚመጣው ኢንተርኔት እኛ ዘንድ አንድ ሰሞን ይኖራል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። በገመድ የሚገባው ይሻላል ብላ አስገባች። ሁለት ቀንድ ያላት ነጭ ሣጥን ናት፤ ራውተር ይሏታል። ከበሩ አጠገብ በውጪ በኩል፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ምስማር መትታ ሰቀለቻት። መብራቶቿ አረንጓዴ ሲሆኑ መስመር አለ፣ ቀይ ሲሆኑ የለም። እኔ የማውቀው ይኸን ብቻ ነበር።

የምንኖረው እንጅባራ፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። አራታችንም ተከራይ ነን። ከእኛ ቀጥሎ ባጃጅ የሚነዳ ልጅና ሚስቱ አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ከሰል የምትሸጥ ሴት፣ ብቻዋን። ጥግ ላይ ደግሞ ከአዘና በኩል የመጡ ሽማግሌ ከአስተማሪ ልጃቸው ጋር። ቧንቧው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው። በመብራት ተጣልተን ታርቀናል፣ በውሃ ተጣልተን ታርቀናል። ሌላ የጋራ ነገር አልጨምርም ብዬ ነበር በልቤ።

ግን የጨመርሁት እኔው ነኝ። ያደግሁት ከዳንግላ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። እዚያ ምድጃው የጠፋበት ሰው ገል ይዞ ወደ ጎረቤት ይመጣል፣ እሳት ልጫር ይላል። አይከለከልም። ደመኛ እንኳ ቢሆን አይከለከልም፤ ሰጥተኸው ከአንተ የሚጎድል ነገር የለማ። ፍሙ ሲጫር ምድጃህ እንደነደደ ነው። እኔም ይህ ዋይፋይ የሚሉት ነገር እንደዚያ መሰለኝ። የባጃጁ ልጅ መጥቶ ፓስወርዱን ሲጠይቀኝ፣ ልጄ ወረቀት ላይ ጽፋ የለጠፈችውን አሳየሁት። ከሰል ሻጯም መጣች፣ አሳየኋት። የሽማግሌው ልጅ መጣች። ከዚያ የባጃጁ ልጅ ጓደኞች፣ ከዚያ የጓደኞቹ ጓደኞች። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ዝናቡ እያካፋ፣ የማላውቃቸው ልጆች ከአጥራችን ውጪ ላስቲክ ተከናንበው ተደርድረው አገኘሁ፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። እንደምን ዋላችሁ ብል ቀና ያለ የለም።

ልጄ ከውስጥ ላፕቶፑ ፊት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። አንድ ገጽ ለመክፈት ከምሳ ጀምራ ስትጠብቅ ውላለች። የሆነውን ስነግራት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እማ፣ ይሄ እኮ እሳት አይደለም» አለችኝ። «በአንድ ቦይ የሚመጣ ውሃ ነው። አንዱ ሲጠልፈው ለሌላው ይቀንሳል።»

ፓስወርዱን ቀየረች። ለግቢው ሰው ብቻ አዲሱን ሰጠች፤ ቀጥሎም በላፕቶፗ ወደ ሣጥኗ ገብታ ለያንዳንዱ ቤት ድርሻ ቆረጠችለት። ከዚህ በላይ መሳብ አትችልም፣ አንተም አትችልም፣ አንቺም አትችዪም፣ እንዲያ አድርጋ። ትልልቅ ፊልም የሚያወርድ ሰው ሌላው ሲተኛ ያውርድ አለች። ለጥቂት ጊዜ ደህና ሆነ። የባጃጁ ልጅ ብቻ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «እትዬ፣ ልጅሽ በቁና ሰፈረችልን» ይለኛል። ቀልድ ነው፤ ግን እኔ ቀልድ የሚያስፈራኝ ሰው ሆኛለሁ።

ይኸን ልናገር። በፊት ፈሪ አልነበርሁም። አሁን ልጄ ከቤት ወጥታ እስክትመለስ ጆሮዬ በር ላይ ነው። የጎረቤት ፊት የጠቆረ ሲመስለኝ ደግሞ ይብስብኛል። ባሌ የለም፣ ወንድሞቼ ሩቅ ናቸው። አንድ ክፉ ነገር ቢመጣ ኡ ብል የሚወጣልኝ ይኸው ግቢ ነው።

የልጄ ፈተና የመጣው በዚህ መሐል ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሊቀጥር ስም መዝግቦ ነበር፤ ከብዙ ሰው ውስጥ እሷም ለፈተና ተመረጠች። ባሕር ዳር ሄዶ መፈተን ነበር የታሰበው። መንገዱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን ስለማይታወቅ ግን ሩቅ ያላችሁ ከቤታችሁ በኢንተርኔት ተፈተኑ ተባለ። ካሜራው በርቶ ፊቷን እያየ፣ ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት። መስመሩ ለቅጽበት ቢንገዳገድ ይታገሣል፤ ብዙ ከቆየ ይዘጋል። የተዘጋ አይከፈትም። ተመርቃ ቤት የተቀመጠችበትን ጊዜ እኔ ነኝ የማውቀው። ማታ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ ሳትነግረኝ የነገረችኝን አውቃለሁ።

እንግዲህ ያን ጠዋት ግቢው ሁሉ መስመሩን ከሳበው ምን ይሆናል አልኋት።

«ከዚሁ ተቀምጬ በአንድ ጣት እዘጋቸዋለሁ» አለችኝ። «መስመር ጠፋ ይላሉ። ሁልጊዜስ ይጠፋ የለ?»

«ቢያውቁስ?»

«ማን ይነግራቸዋል?»

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሳይጠየቅ የተዘጋበት ሰው ያወቀ ቀን ምን ይለናል? ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ የተነገረ ይሰማል። በማግሥቱ ሽማግሌው ጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ሲቀመጡ ሄጄ አጠገባቸው ቆምሁ። እኒህ ሰው በአገራቸው የውሃ አባት ነበሩ። ለመስኖ የሚመጣውን ውሃ ዛሬ የገሌ ነው፣ ነገ የገሌ ነው እያሉ ተራ የሚሰጡ። ኔትወርክ አያውቁም። ነገሩን ስነግራቸው እንደ ድንችና እንደ ሽንኩርት ውሃ ነገር አድርገው ነው የሰሙኝ።

«የውሃ አባት መዝጋት ይችላል» አሉኝ። «ዶማው በእጁ ነው። ሳይናገር ከዘጋ ግን ሌሊት ይሰብሩበታል። የተጠየቀ ሰው አይሰብርም።»

ከዚያ የአገራቸውን ልማድ አጫወቱኝ። ቡቃያው ሊደርቅበት የደረሰ ሰው ባለተራዎቹን በየቤታቸው እየዞረ ይለምናል። ተራዬን ለቅቄያለሁ ያለ ሰው በቃሉ ብቻ አይታመንም፤ ዶማውን አምጥቶ ከለማኙ ደጃፍ ያስቀምጣል። ዶማ የሌለው ሰው ቦይ አይጠልፍም። ለማኙ አጠጥቶ ሲጨርስ ዶማውን በየቤቱ ይመልሳል። ሲነግሩኝ አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን በአገውኛ ነው፤ የቦዩን የየክፍሉን ስም አማርኛው አልበቃቸውም።

ለልጄ ነገርኋት። ደክሟት ነበር፣ ሳቀችብኝም።

«እማ፣ ሰዎቹ እሺ ይሉሻል። ስልካቸው ነው እሺ የማይል። ኪስ ውስጥ ተቀምጦ በራሱ ይስባል፤ ባለቤቱም አያውቅም።»

«እንግዲያው ስልኩን ያምጡት፣ እንደ ዶማው።»

«ሰው ስልኩን ይሰጣል ብለሽ ነው? ጥርሱን ብትለምኚው ይቀልሻል።»

ለመንሁ። ምን ላድርግ። መጀመሪያ ወደ ባጃጁ ልጅ ቤት ገባሁ። ሰምቶኝ ሲያበቃ «እትዬ፣ ሚስቴን ውሰጂና ስልኬን ተዪልኝ» አለ። ሚስቱ ሽንኩርት እየላጠች ቀና ሳትል፣ «ውሰጂለት፤ አንድ ቀን እንኳ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ይብላ» አለችኝ። በዚያ ቀን የሁለታችንንም እናመጣለን አሉኝ። እንዲያውም መብራት ቢጠፋስ ብሎ ያሰበ እሱ ነው። ሣጥኗ በባጃጅ ባትሪ ትሠራለች፣ ልጅሽ ገመዱን ታገናኘው፣ እኔ ያን ጠዋት አልሠራም አለኝ። የሽማግሌው ልጅም እሺ አለች።

የቀረችኝ ከሰል ሻጯ ናት። ልጇ በበረሃ በኩል ወደ ዐረብ አገር ብሎ ከወጣ ሰንብቷል። የሚደውለው በኢንተርኔት ነው፤ ያውም ሰው ስልክ ሲያውሰው። ቀን የለው፣ ሰዓት የለው። ጉዳዬን ስነግራት እንቢ አላለችም። ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ በሁለት እጇ ያዘችው፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ በላስቲክ አስራዋለች። ወደ እኔ ዘርጋ አደረገችውና መልሳ ሰበሰበችው።

«ውሰጂው» አለችኝ። እጇ ግን አልለቀቀም።

ይቅር፣ አንቺ ያዢው አልኋት። ስመለስ ለልጄ ነገርኋት። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍታ ለዚያች ስልክ ብቻ ቀጭን ድርሻ ተወችላት። ድምፅ ታስገባለች፣ ምስል ከመጣ ግን ይከብዳል አለችኝ።

በፈተናው ቀን ጠዋት ጉም ነበር፣ የግቢው ማዶ አይታይም። ሰፌዱን አጥቤ፣ ደረቅ ጨርቅ አንጥፌበት ደጃፌ ላይ አስቀመጥሁት። አንድ በአንድ መጥተው ስልካቸውን አጥፍተው አኖሩ። ሽማግሌውም ባለ ቁልፏን ስልካቸውን ይዘው መጡ። ልጄ «አባባ፣ የእርስዎ እኮ ኢንተርኔት አትጠቀምም፣ ይያዟት» ብትላቸው «ዶማዬ ናት» ብለው አስቀምጠዋት ሄዱ። ልጄ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ገባች። በሩን ዘጋሁባትና ከሣጥኗ ሥር ሰፌዱን ታቅፌ ተቀመጥሁ። ዓይኔ ከአረንጓዴዋ መብራት አልተነቀለም። ጸሎቴን ስጀምር ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ።

ወደ መሐሉ ላይ የግቢው መብራት ሄደ። ባትሪው ያዘ፤ ሣጥኗ አልጠፋችም። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ከሰል ሻጯ እጇ እንደጠቆረ ከቤቷ ሮጣ ወጣች። ስልኳ ይጮኻል። ልጇ ነው፣ በምስል ነው የደወለው። ከፈተችው። የልጁ ፊት እኩሌታው ብቻ መጥቶ ቆመ፤ አንድ ዓይንና ጢም ያቀመቀመ አገጭ። የሣጥኗ መብራት እንደ እብድ ብልጭ ድርግም አለ። ከውስጥ የልጄ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

ተነሥቼ ቆምሁ። ዝጊው ማለት አልቻልሁም። አነጋግሪው ማለትም አልቻልሁም። እሷ እኔን አየች፣ በሩን አየች፣ መልሳ ስልኩን አየች።

«ልጄ፣ አለህ?» አለችው። ድምፁ ተቆራርጦ መጣ፣ ምን እንዳለ አልገባኝም። «አየሁህ፣ ይበቃኛል። በኋላ ደውልልኝ። እህትህ ፈተና ላይ ናት።»

ዘጋችው። ከዚያ ከደጇ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ አላለቀሰችም፣ እኔም አላለቀስሁም። መብራቷ ቀስ ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

አምስት ሰዓት ሲሆን ልጄ በሩን ከፈተች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ተንገዳግዶ ነበር፣ ጠፋሁ ብዬ ነበር» አለች። «ያዘ። ጨርሼ ላክሁት።» እልል ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በጆሮዋ የሆነውን ነገርኋት።

ልጄ ወደ ድንጋዩ ተመለከተች። ተመልሳ ገባች፣ ላፕቶፑ ፊት ቆማ ትንሽ ነካካች፣ ወጣች። የሁሉንም ዘግታ፣ የራሷንም ዘግታ፣ ለከሰል ሻጯ ስልክ ብቻ መስመሩን በሙሉ ለቀቀችላት። ማንንም አልጠየቀችም። ስልኮቹን በየቤቱ መለስሁ፣ አሁን ይቆጡኛል እያልሁ። የባጃጁ ልጅ ስልኩን ከፍቶ አየና «እትዬ፣ መስመሩ የለም እኮ» አለኝ። ምክንያቱን ነገርሁት። አንገቱን ነቀነቀና ስልኩን ኪሱ ከተተው፣ ባትሪውን ለመፍታት መፍቻ ፍለጋ ገባ። የሽማግሌው ልጅም ሰማች፣ ስልኳን ተቀብላ ገባች።

ከሰል ሻጯ ያወቀችው ከቀትር በኋላ ነው። «ክፈቺላቸው የኔ ልጅ» አለቻት ልጄን። «ሰው ሥራ አለው። የሚደውል ከሆነ በትንሿም ይደውላል።»

«ዛሬ የእርስዎ ነው» አለቻት ልጄ፤ አጠገቧ ተቀመጠች። ነጭ ሸሚዟ ከሰል ነካው። እስኪመሽ ተቀመጡ። ስልኩ አልጮኸም።

በማግሥቱ ልጄ የየቤቱን ድርሻ እንደነበረ መለሰች። ይኸው ሰነበትን። የፈተናው ውጤት ገና ነው፤ ልጄ ጠዋት ጠዋት ከፍታ ታያለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ከሰል ሻጯ በቧንቧው ወረፋ ላይ ስታገኘኝ ደረሰላት ወይ ትለኛለች። አልደረሰም እላታለሁ። እኔም ደወለ ወይ እላት ነበር በፊት በፊት። አሁን አልጠይቃትም። ጄሪካኗ ሲሞላ ጀርባዋ ላይ አነሣላታለሁ፣ ቀና ብላ ትሄዳለች፣ የኔን እደቅናለሁ።