በቀጨኔ ቁልቁለት ላይ የተዘረጋ ሜትር

ባዩሽ በዳሳ የሜትሩን ጫፍ ትምህርት ቤቱ በር ሥር በሚስማር ትመታለች። አምስት ሜትር ቁልቁል ትወርድና ሜትሩን እስከ ደረቷ አንስታ ትወጥረዋለች። ትንሿን ውሃ ልክ ታንጠለጥልበታለች፤ አረፋዋ መሀል እስክትገባ ትጠብቃለች። በክር የታሰረውን ክብደት፣ ቱምቢውን፣ ትለቃለች፤ ሲረጋ ያረፈበትን በጠመኔ ታሰምራለች። ሚስማሩን ነቅላ እንደገና። አርባ ጊዜ ያህል።

አሥራ አንድ ዓመት መንገድ ቅየሳ ላይ ሠርታለች። አሁን ውርርድ ቤቶችን በገለልተኝነት የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት መርማሪ ናት። ደንቡ አጭር ነው፦ ከትምህርት ቤት በር ሁለት መቶ ሜትር ሳይርቅ ውርርድ ቤት አይከፈትም። ልኬቱ በአግድም ነው፤ መሬት ላይ ተኝቶ የተለካ አይቆጠርም።

ማክሰኞ ዕለት ቀጨኔ ሊከፈት ከታሰበው ውርርድ ቤት ደጃፍ ስትደርስ፣ የሸጎሌ ጎረቤቷ ጋሽ ግዛቸው ብቅ አሉ።

«ባዩሽዬ! አንቺን ነው የላኩት?»

«ቤቱ የእርስዎ ነው እንዴ ጋሼ? ማመልከቻው ላይ ስምዎ የለም።»

«ያመለከተው ተከራዬ ነዋ። ስንት መጣ?»

«መቶ ዘጠና ሰባት።»

«ለሦስት ሜትር! በይ አስተኝተሽ ለኪው። እኔ ለክቼ ሁለት መቶ ሁለት ነው ያገኘሁት።»

«ቁልቁለቱ ነው ያስረዘመው።»

«ታዲያ ተማሪው እየበረረ ነው የሚመጣው?»

ሳቋ መጣና ዋጠችው። ሰውዬው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ምጥ የያዘሽ ለት በማን መኪና ነበር ሆስፒታል የደረስሽው?»

ባዩሽ የልኬቱን ቅጽ አወጣች። 197 ብላ ጻፈች። የቅጹ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቷል፦ ከባለጉዳዮቹ ጋር ትውውቅ አለ? «የለም» ብትል ፈቃዱ ዛሬውኑ ይቀራል፤ ግን መዋሸቷን ጋሽ ግዛቸው ያውቃሉ፣ ገለልተኛ የሚለውም ስም እዚያው ያበቃል። «አዎ» ብትል ልኬቷ ይሰረዛል፣ ሌላ መርማሪ ይመጣል። እሱ ደግሞ ከቸኮለ? ወይም ጋሽ ግዛቸው ካግባቡት?

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ከዚያ «አዎ፣ የአከራዩ ጎረቤት ነኝ» ብላ ፈረመች።

«ጎሽ!» አሉ ጋሽ ግዛቸው። «የሚቀጥለው አስተኝቶ ይለካዋል።»

ልኬቱ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይደገማል። ባዩሽ እዚያ ድርሽ አትልም፤ ደንቡ ይከለክላታል። ማንም ነዋሪ ግን ቆሞ ማየት ይችላል።

«ብቻዬን ነበር የለካሁት፤ ሐሙስ ግን በቦታው የለሁም» ትላለች። «ቀጨኔ ያላችሁ፣ በናታችሁ ብቅ በሉ። አትጨቃጨቁ፣ ለማንም አታድሉ። ሜትሩ መሬት ላይ ተኝቶ ካያችሁት ብቻ ‹አንሱት› በሉልኝ።»