ዝግ ያለ ድምፅ

ቦሰና የኢንተርኔት መስመሯን ሊጠግን የመጣውን ሽበታም ሰው ቆማ ታየዋለች። የነተበ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሞደሙን እንደ ታመመ ሰው ጎንበስ ብሎ ይመረምረዋል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«የኬብሉ መጋጠሚያ ዝጓል፤ ሲግናሉ መንገድ ላይ ይባክናል። ሞደሙ ታዲያ እንዲሰማ ኃይሉን ጨምሮ ይጮሃል፤ ምስኪን!»

የዛገውን ቆርጦ አዲስ ሲገጥም ይዞት በመጣው ላፕቶፕ ላይ የሚታየው የሞደሙ የኃይል መጠን ወረደ። «ይኸው፣ ዝግ ብሎ ማውራት ጀመረ» አለ ፈገግ ብሎ።

ወዲያው እናቱ ከአንኮበር ደወለችለት። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ለቦሰናም ተሰማት። የሰውየው ፊት ግን ቅጭም አለ።

«ድሮ መስመሩ ሲያስቸግር እየጮኸች ነበር የምታናግረኝ» አላት ስልኩን በመዳፉ ከድኖ። «አሁን ቀስ ብላ ስታወራኝ የታመመች ይመስለኛል።»

ከዚያ ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰና፣ «እማዬ! እስቲ እንደ ድሮው ጮኸሽ ጥሪኝ!» አለ።