በማዘጋጃ ቤት መስኮት ያልጠራሁት ስም

የበደለኝ ደነቀ ነው፤ የባሌ ታላቅ ወንድም። የበደለኝም በወልቂጤ የመስቀል ሜዳ ላይ ለመሸጥ ፈቃድ ግዴታ በሆነበት ዓመት ነው። የአባቱን ስም እዚህ ላይ አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ በመስቀል ዋዜማ ነው። ባሌ መርካቶ ይነግዳል፤ እኔ ወልቂጤ አባቱ ቤት እኖራለሁ። አማቴ ሸራውን በትከሻቸው ተሸክመው ሜዳው ድረስ መጡ። ችካሎቹንም ራሳቸው መቱ።

"ልጄ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ሥጋው ቤቱ ይጠብቀዋል" አሉኝ። "አንቺ ከመኪና ሲወርድ የሚቀምሰውን ያዢ።"

ቆጮ በአይብና በጎመን ያዝኩ። ኮባ ቅጠል ላይ አድርጌ ነው የምሰጠው። ቆጮ ትኩሱን ከተቆረጠ ቢላዋው ላይ ይጣበቃል፤ ከቀዘቀዘ ይደርቃል። የሚቆረጠው ለብ ሲል ነው። ሥጋ ስለማልነካ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይገዛኝ ነበር።

አንድ ችግር ነበረብኝ። በባሌ ቤት ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። የእኔ አማት ስም ደግሞ ለወንድ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ድንኳን የሚተክል ሁሉ ሸራ ሲያወጣ የሚለው ቃል ነው። እኔ ለተሸካሚዎች "ክፈተው"፣ "ፍታው" እያልኩ እሠራ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናብ መጣና ተጨማሪ ሸራ አስወጥቼ "ፍታው! ቶሎ ፍታው!" ብዬ ጮህኩ። ሰውየው የተተከለውን ድንኳን ገመድ ፈታው። ሸራው ከነውኃው ቆጮው ላይ ወደቀ።

"ፍታ አልሽኝ፣ ፈታሁ" አለኝ።

አማቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ይቺ ልጅ ለእኔ ብላ በሰበሰች" አሉ። ያን ጊዜም ግን ስሜን ጥሪው አላሉኝም፤ እኔም አልጠራሁም።

እሳቸው ካረፉ በኋላ የፈቃዱ ነገር መጣ። ፈቃድ የሌለውን ደንብ አስከባሪ ዕቃውን ይወስድበታል ተባለ። አመልካች የሚመዘገበው በሚኖርበት ቤት ቁጥር ነው። ለአንድ ቤት አንድ ፈቃድ ይሰጣል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። መታወቂያዬን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ተሰለፍኩ።

"ቤቱ በማን ስም ነው?" አለኝ መስኮቱ ጋ ያለው ጸሐፊ።

"በአማቴ።"

"ስማቸው?"

የቤቱን ቁጥር ነገርኩት።

"የምትኖሪበትን ቤት ጌታ አታውቂም? ሰብረሽ ነው የገባሽው?" ሰልፉ ሳቀ። ከኋላዬ የነበረች ሴት ልትናገርልኝ ስትል "አመልካቿ ትናገር፤ ካልሆነ የቤቱን ሰው ታምጣ" አላት። ጽፌ ልስጥህ እንዳልል፣ ለእኔ መጻፍም ያው መጥራት ነበር።

ወደ ደነቀ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ነው፤ የራሱ ቤትና የራሱ ሱቅ አለው። "ጋሼ፣ መጥተው የአባትዎን ስም ይንገሩልኝ" አልኩት።

"ለዚህ ነው የተጨነቅሽ? አንቺ ቆጮሽን ጋግሪ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ" አለኝ። መታወቂያዬን እንኳ አልተቀበለኝም። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ለበዓሉ ሜዳው ላይ ስደርስ አማቴ በመቱት ችካል ላይ ሌላ ሸራ ታስሯል። ከሥሩ የደነቀ ሚስት ተቀምጣለች።

"ጋሼ፣ ፈቃዱ በማን ስም ወጣ?"

"በአባቴ ቤት ቁጥር፣ በቤቱ ልጅ ስም ነዋ። በማን ሊወጣ ኖሯል?"

"እኔ እኮ እንዲናገሩልኝ ነው የለመንኩዎት።"

"ተናገርኩ እኮ! ስሙን የማይጠራ ስሙን አይወርስም።"

ባሌ "ታላቄ ነው፣ ተይው" ብሎ ላከብኝ። እኔም ተውኩት። የጋገርኩትን ቆጮ ለጎረቤት አከፋፈልኩ።

ከዚያ በኋላ በበዓል በበዓሉ ቡታጅራ እየሄድኩ ሠራሁ። የመስቃን ቅቤ ነጋዴ የሆነች ዘይነባ የምትባል ሴት በራሷ ፈቃድ ከድንኳኗ ጥግ አስቀመጠችኝ። በአረፋም በመስቀልም አብረን ሸጥን። አንድ ደንብ አስከባሪ መጥቶ "ይቺ ደግሞ ማናት?" አላት።

"እህቴ ናት።"

"እህትሽ ማተብ ታስራለች?"

"አባታችን መንገድ ይወድ ነበር፤ አላህ ይዘንለት" አለች። ሰውየው እየሳቀ ሄደ።

እየሳቀ የማይሄድም ነበር። አንዱ ቆጮዬን ከነቅጠሉ ጭኖ ወሰደው። ያን ዕለት ለዘይነባ ነገሩን ሁሉ አጫወትኳት።

"ስማቸውን የደበቅሽው አክብረሽ ነው" አለችኝ። "ደነቀ ግን ስማቸውን ይዞ በላሽ። ሂጂና ጥሪያቸው፤ አይቆጡሽም።"

"ቢቆጡስ?"

"ቢቆጡ መጥተው ይናገሩሻላ! እኔም አብሬ አያቸዋለሁ።"

በሚቀጥለው የፈቃድ ጊዜ ወልቂጤ መስኮቱ ሳይከፈት ደረስኩ። ደነቀ ዘግይቶ መጥቶ ከኋላ ተሰለፈ። ሲያየኝ "የቤቱን ሰው ፈለግሽ እንዴ?" አለኝ። ጸሐፊው አዲስ ነበር፣ ወጣት። ጥያቄው ግን ያው ነው።

"ቤቱ በማን ስም ነው?"

"ዘርጋ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ምኑን ልዘርጋ፣ እናቴ?"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቄ መጣ። "ምንም አትዘርጋ። ስማቸው ነው። አማቴ ዘርጋ ይባላሉ" አልኩት።

ደነቀ ሰልፉን ጥሶ መጣ። "አፈር ብዪ! የአባቴን ስም በአደባባይ? ምራት አይደለሽም?"

"ምራት ሆኜ ዝም ብልህ ፈቃዴን ወሰድክብኝ" አልኩት። አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

ጸሐፊው መታወቂያዬን ከመዝገቡ ጋር አስተያየና ወደ ደነቀ ዞረ። "እርስዎ እዚህ ቤት ይኖራሉ?"

ያኔ ልትናገርልኝ የሞከረችው ሴት ከሰልፉ ውስጥ "ዛሬ ደግሞ መልስ የጠፋው እሱን ነው!" አለች። ጸሐፊው የእኔ ወረቀት ላይ ማኅተም መታ።

ቤት ስገባ አለቀስኩ። ለደነቀ አልነበረም፤ ለአማቴ ነው። ስማቸው ከአፌ ሲወጣ ያን ዕለት እንደገና የሞቱ መሰለኝ።

በበዓሉ ጠዋት ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ተሸካሚው ሸራውን እንደታጠፈ ይዞ ይጠብቀኛል።

"ዘርጋ" አልኩት። ዘረጋው።

ለፈቃድ የምትሰለፉ ሴቶች፣ መስኮቱ ጋ የምትጠየቁትን ራሳችሁ መልሱ። እኔ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ፈቃዴን ራሴ አሳድሳለሁ። ደነቀ ዘርጋንም መንገድ ላይ ሳገኘው በሙሉ ስሙ ጠርቼ ሰላም እለዋለሁ።